ዘገየ ይታገሱ

አማርኛ ማሰሪያ አንቀጹን የሚያስቀምጠው ከዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ነው። እኛም አባታችንን የምናስቀምጠው ከስማችን መጨረሻ ነው። ሁለቱ ደንቦች በየቤቱ ሲገጣጠሙ ምን እንደሚፈጠር ቁጭ ብሎ ያሰበ የሰዋስው መምህር ያለ አይመስለኝም። አበራ የሚባል ሰው ልጁን ብርሃን ብሎ ሲሰይም ልጅ ብቻ አልወለደም፤ አራት ነጥብ ብቻ የቀረው ሙሉ ዓረፍተ ነገር ወልዷል። ብርሃን አበራ። ዝና ተሰማ። ሕይወት ታደሰ። ደስታ ተገኘ። ሁሉም የሰው ስም ነው፤ ሁሉም ለጋዜጣ ርዕስ ይበቃል። ኑሮ ከበደ የሚባል ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም፤ ካጋጠመኝ ግን ስሙን ከመጻፌ በፊት «አይዞህ» እለዋለሁ።

የታደለ ሰው አባቱ ከስሙ ጋር ተስማምቶ ይሄድለታል። ይድነቃቸው ተሰማን ተመልከቱ። አባትየው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ20ኛው መቶ ዘመን መግቢያ ላይ ጀርመን ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹ ባለቅኔና ድምፃዊ ናቸው። ተሰማ በእርግጥ ተሰሙ። ልጅየው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1962 አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣውን ቡድናችንን አሠልጥነው፣ ከ1972 እስከ 1987 የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በፕሬዚዳንትነት መሩ። ይድነቃቸው ተብለው ተመረቁ፣ ተደነቁ፣ ወሬውም ተሰማ። የቴአትር አዘጋጁ ማንያዘዋል እንደሻው ስም ደግሞ ከነአባቱ ሲነበብ ለአለቃ የተጻፈ የእምቢታ ደብዳቤ ነው፤ ለጥበብ ሰው ከዚህ የተሻለ መታወቂያ ከየት ይገኛል?

የእኔ አባት ዘገየ ነው። የአያቴን ስም ለጊዜው ላቆየው፤ ሁሉም በአንዴ አይቻልም።

ዘገየ እንደ ከበደና እንደ ታደሰ በየደጁ የሚገኝ ስም አይደለም። በልጅነቴ አቃቂ ውስጥ ከአባቴ ሌላ ዘገየ አላውቅም ነበር። ስሙን ያወጣችው አያቴ ናት። ልጅ ሳታገኝ ብዙ ዓመት ቆይታ፣ ጠበሉም ተጠምቆ፣ ስለቱም ተስሎ፣ ጎረቤት ሁሉ ተስፋ ከቆረጠ በኋላ ወንድ ልጅ ሲመጣላት «ዘገየ እንጂ አልቀረም» አለች። ስሙ ምስጋና ነበር። ችግሩ ከምስጋናው ተመዝግቦ የቀረው የፊተኛው ቃል ብቻ መሆኑ ነው። «እንጂ አልቀረም» የሚለውን ማንም አላሰፈረውም። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የእኛን ያወጣው መልአክ ግን ንግግሩን ሳይጨርስ ወደ ሌላ ቤት ተጠርቶ የሄደ ነው።

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የሠራው ከአቃቂ ፋብሪካዎች በአንዱ ነው። አቃቂን የምታውቁ እንደምታስታውሱት፣ ያ ሰፈር ሰዓቱን የሚያውቀው በፋብሪካ ጡሩምባ ነበር። የጠዋቱ ፈረቃ ሲገባ የሌሊቱ ይወጣል፤ ዘበኛው በር ላይ ይቆማል፤ ካቦው የስም ዝርዝሩን ይዞ ይቆጥራል። ዘገየ ተብሎ ስሙ የወጣለት ሰው እንዲህ ባለ ቦታ ማርፈድ እንደማይችል የታወቀ ነው። ሌላው ሠራተኛ ቢያረፍድ አረፈደ ይባላል፤ አባቴ ቢያረፍድ ግን ትንቢት ተፈጸመ ይባላል። ስለዚህ ጡሩምባው ከመነፋቱ በፊት፣ አንዳንዴም ዘበኛው ራሱ ከመድረሱ በፊት፣ በሩ ላይ ይገኝ ነበር። ይህም አላዳነውም። ካቦው ቆጥሮ ሰው ሲጎድልበት የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው።

«ማን ዘገየ?»

«ዘገየ መጥቷል ጌታዬ።»

«ማን ዘገየ ነው የምላችሁ!»

«ዘገየማ አልዘገየም። ይኸው ቆሟል።»

አባቴ ይህን ሲያወራ አንድ ነገር ይጨምር ነበር፤ ከሁሉ የጠቀመው የሰው አክብሮት ነው። በዕድሜ የገፋ ጊዜ ሰፈሩ «ጋሽ ዘገየ» ማለት ጀመረ፤ አንቱታ ደግሞ ግሱን ይለውጠዋል። «ዘገየ ዘገየ» ብሎ የሚቀልድ ጎረምሳ እንኳ «ጋሽ ዘገየ ዘገዩ» ለማለት ሲሞክር ምላሱ ላይ ጨዋታው ይበላሽበታል። በእኛ ቤት ሽበት የተወደደው በዚህ ምክንያት ነው።

እድር ግን አንቱታ አያውቅም። የእድራችን ደንብ ድንኳንና ሰሐን ከሚቀመጥበት ክፍል በር ላይ፣ በላስቲክ ተሸፍኖ ተለጥፎ ነበር። ከአንቀጾቹ አንዱ «ከቀብር የቀረ 100 ብር፣ የዘገየ 50 ብር ይቀጣል» ይላል። እናቴ አንድ ቀን ወንበር ልትመልስ ሄዳ ይህን አንብባ፣ ጥርሷን ነክሳ ተመለሰች። «ሌላው ሰው አንድ ላይ ‹የቀረ› ተብሎ ታልፎ አንተን ብቻ በስምህ?» አለችው። አባቴ እየሳቀ ጉዳዩን ለእድሩ ዳኛ አቀረበ። ጠቅላላ ጉባኤው ተወያየበት። አንዱ ደንብ ለአንድ ሰው ተብሎ አይሻሻልም አለ፤ አንዱ ቅጣቱ ለጋሽ ዘገየ ገቢ የሚሆን መስሎት ለሦስት ዓመት ተቀይሞ እንደነበር ተናዘዘ፤ ጸሐፊው ነገሩን ለሚቀጥለው ስብሰባ አሳደረው። «የዘገየ» የሚለው ተፍቆ «ያረፈደ» እስኪባል ድረስ ስንት ስብሰባ አለፈ። ማሻሻያውም እንደ ስሙ ሆነ።

ትምህርት ቤት ስንገባ ደግሞ ሌላ ነገር ተማርን። በእኛ አገር የአባት ስም ብቻውን ሲጠራ አባትየው ነው የሚጠራው። ልጅን በአባቱ ስም መጥራት፣ በተለይ በዕረፍት ሰዓት በተሰበሰበ ሕዝብ መካከል፣ የጠብ መጀመሪያ ነው። ድንጋይ ከመወርወሩ በፊት የአባት ስም ይወረወራል። የክፍላችን ስም ጥሪ ደግሞ ለዚህ የሚሆን መሣሪያ ያከፋፍል ነበር። ከጎጃም የመጣው ልጅ አቻምየለህ ይባላል፤ መምህሩ «አቻምየለህ!» ሲሉ «አለሁ!» ይላል፤ ይህ ክርክር በየቀኑ ጠዋት ያለ ዳኝነት ይዘጋል። የማንያዘዋል ልጅ «አባትህ ማን ይባላል?» ሲባል «ማን» ብሎ ይጀምርና መልሱን ሳይጨርስ «እኔ ነኝ ጠያቂው!» ተብሎ ይቆነጠጣል። የአቃቂ ልጆች ነንና ቶሎሳም ነበረን፤ ኦሮምኛው ስም ከአማርኛው «ቶሎ» ጋር ዝምድና የለውም፤ የሚያሾፍ ጆሮ ግን ዝምድና አይጠይቅም። እሱና እኔ አንድ ዴስክ ላይ ስንቀመጥ መምህሩ «ቶሎና ዘገየ» ብለው ጨረሱን።

የሞላ ልጅ የተሠቃየው ከትምህርት በኋላ፣ ታክሲ ተራ ላይ ነው። ከሳሪስ ወደ ቃሊቲና አቃቂ የሚጫነው ሚኒባስ ጋ ረዳቱ «አቃቂ! አቃቂ! የቀረ ሁለት ሰው!» እያለ ሲጣራ፣ እኛ ጓደኛችንን ከሩቅ አይተን በአባቱ ስም «ሞላ!» ብለን እንጮሃለን። ወረፋ የያዘው ሕዝብ አጉረምርሞ ወደ ሌላ ታክሲ ይዞራል፤ ሹፌሩም ሞተር ያስነሣል። ረዳቱ ምን ብሎ እንደሰደበን እዚህ አይጻፍም፤ የአባቶቻችንን ስም ግን አንድም ሳይስት ጠርቶታል።

ዘገየ ለሚባል አባት ትልቁ ፈተና ግን ልጅ መሰየም ነው። እናቴ ሰላም የሚለውን ስም ትወድ ነበር። ሰላም ዘገየ። አባቴ ራሱን ነቀነቀ። ፍትሕስ? ፍትሕ ዘገየ፤ ይህማ ፍርድ ቤትን መዝለፍ ነው። ተስፋ፣ በረከት፣ ሲሳይ፣ ድል፣ ሁሉም ጥሩ ነገር ነው፤ ጥሩ ነገር ሁሉ ደግሞ እኛ ቤት ሲገባ ይዘገያል። የደርግ ዘመን በመሆኑ ልጆቻቸውን አብዮት የሚሉ ብዙ ነበሩ፤ አባቴን ግን አብዮት ዘገየ የሚባል ልጅ ቀበሌ ወስዶ ማስመዝገብ ምን እንደሚያስከትል ማንም ማስረዳት አላስፈለገውም። የሚያዋጣው ቢዘገይ የሚሻል ነገር መፈለግ ነው፤ መከራ፣ ጠብ፣ እዳ። እንደዚህ ብሎ ልጅ የሚሰይም ግን የለም። ሽብሩ የሚል ስም እንዳለ አጎቴ ሲያስታውስ ትንሽ ታስቦበት ነበር። ሽብሩ ዘገየ ለዚያ ዘመን ምርቃት ነው። እናቴ አልተቀበለችም።

የፋብሪካ ጓደኞቹ ያመጡት ሐሳብ ከሁሉም የባሰ ነው። ደመወዝ የሚባል የሰው ስም አለ፤ ደግ፣ የተከበረ ስም ነው። የእኔ መወለድ ከደመወዝ መክፈያ ቀን ጋር ገጥሞ ነበርና «ደመወዝ በለው» አሉት። አባቴ ወረቀት አውጥቶ ስሙን እስከ አያት ጻፈው። አሁን የአያቴን ስም ልንገራችሁ፤ ይታገሱ ይባላል። ደመወዝ ዘገየ ይታገሱ። ይህ ስም አንድ ቀን የቅጥር ዝርዝር ላይ ታትሞ ፋብሪካ በር ላይ ቢለጠፍ የሚሆነውን አሰበ። ሠራተኛው ሥራ አቁሞ ይወጣል፤ ሒሳብ ክፍሉ እኔ አልለጠፍኩም ብሎ ይምላል፤ ተጠርጥሮ የሚያዘው ልጁ ነው። በመጨረሻ ከመጽሐፍ ቅዱስ ዝም ያለ፣ ምንም የማይናገር ስም መረጠልኝ። አልጠቀመም። የሰው ስም ከዘገየ ፊት ከቆመ ያው የሚዘገየው ሰውየው ነው። ዳዊት ቢሉኝም ዘግይቻለሁ፣ ሰሎሞን ቢሉኝም ዘግይቻለሁ።

ይታገሱ ደግ ሰው ነበሩ፤ በሕይወት ሳሉ ስማቸው ማንንም አላስቸገረም። ነገሩ የመጣው መሥሪያ ቤቶቻችን ስም እስከ አያት መጠየቅ ከጀመሩ በኋላ ነው። አንድ ጊዜ አንድ ቢሮ መስኮት ላይ ቆሜ ጸሐፊዋ «ሙሉ ስም እስከ አያት» አለችኝ። የራሴን አልኩና «ዘገየ ይታገሱ» ብዬ ጨረስኩ። ብዕሯን አስቀምጣ በትሕትና ተመለከተችኝ።

«እየታገሥን ነው ጋሼ፤ ሲስተሙ እስኪመለስ ሁላችንም ቁጭ ብለናል። ስምዎን ግን ይንገሩኝ።»

«እሱ ነው ስሜ።»

«የቱ?»

«ዘገየ ይታገሱ።»

«እኮ! እኔስ ምን አልኩ?»

መታወቂያዬን አውጥቼ ሳሳያት ሳቋን መያዝ አቃታት፤ ደስ የምትል ልጅ ነበረች። ጉዳዩ ግን ከሰዓት በኋላ ተመልሶ መጣ። ወረቀቶቹ ተፈርመው ሲወጡ ሌላ ሠራተኛ በር ላይ ቆሞ ስም መጥራት ጀመረ። ጠዋት ጀምሮ የተቀመጠው ባለጉዳይ ሁሉ ተነሥቶ ወደ በሩ ተጠጋ። የእኔ ተራ ደረሰ። የመጀመሪያ ስሜ በጫጫታው ተዋጠና «…ዘገየ ይታገሱ!» የሚለው ብቻ ጥርት ብሎ ተሰማ። ሕዝቡ ተነፈሰና መልሶ ተቀመጠ። አንዲት እናት «ኧረ እናንተስ እግዜር ይይላችሁ» ብለው ነጠላቸውን አጣፉ። እኔ ብቻ ስቄ፣ ወረቀቴን ተቀብዬ ወጣሁ። በሕይወቴ ስሜ ወረፋ ያሳጠረልኝ ያን ቀን ነው።

ለዚህ ሁሉ ጣጣ መፍትሔ የሚሆን ሕግ ወጥቶልን ነበር። በ1952 ዓ.ም የወጣው፣ ረቂቁን ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ያዘጋጁት የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከአንቀጽ 32 ጀምሮ እያንዳንዱ ሰው ከግል ስሙና ከአባቱ ስም በተጨማሪ ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚተላለፍ የቤተሰብ ስም እንዲኖረው ይደነግጋል። ፈረንሳይ አገር ይህ ችግር የለም፤ ዱፖን የዱፖን ልጅ ነው፤ የልጅ ልጁም ዱፖን ነው። እኛ ሕጉን አነበብነው፣ አከበርነው፣ በአባታችን ስም መጠራታችንንም ቀጠልን። ከስድሳ ዓመት በላይ አልፎታል። የቤተሰብ ስሙ ዘገየ ብዬ መቀለድ እችል ነበር፤ እንደ እውነቱ ከሆነ ግን ቀርቷል። በዚህ ብቻችንን እንዳልሆንን መጽናኛ ካስፈለገ አይስላንዶች አሉ፤ እነሱም በአባታቸው ስም ነው የሚኖሩት፤ የስልክ ማውጫቸውን እንኳ የሚደረድሩት በግል ስም ነው። እዚያ ዘገየ የሚባል ሰው ግን ያለ አይመስለኝም፤ ብርዱ አያዘገይም።

አባቴ ስሙን የሚያኮራለት አንድ ሰው ነበረው። ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ የወጡት የካቲት 1957 ነው። የገጠር መሬት አዋጅ የታወጀው የካቲት 1967 ነው። ድፍን አሥር ዓመት። ከአዋጁ ጋር ስማቸው አብሮ ከሚነሣ ሰዎች ዋነኛው ማን ናቸው ቢባል ዘገየ አስፋው። «አየህ» ይል ነበር አባቴ፣ «ዘገየ እንጂ አልቀረም።» አያቴ ያላስመዘገበችውን ግማሽ ስም ያገኘው እዚያ ነው፤ ሬዲዮ ስለ መሬት ባወራ ቁጥር ጮክ አድርጎ ይከፍተው ነበር።

ባሕር ማዶ ደግሞ ነገሩ ሁሉ ይገለበጣል። እዚያ የሚጠራው አባት ነው። ምሩጽ ይፍጠር በ1972 ዓ.ም ሞስኮ ላይ በ5,000ና በ10,000 ሜትር ሁለት ወርቅ ሲወስድ እኛ «ማርሽ ቀያሪው» አልነው፤ ፈረንጆቹ ደግሞ ቤት እንዲመታላቸው «ይፍተር ዘ ሺፍተር» አሉት። ምሩጽ የሚለውን ለሚያውቁት ትተው አባትየውን አስሮጡት። ኃይሌ በ1993 ዓ.ም ሲድኒ ላይ ፖል ቴርጋትን ሲቀድም ያሸነፈው፣ በፈረንጁ አንደበት፣ ገብረሥላሴ ነው። ቴርጋት የዘገየው በዘጠኝ መቶኛ ሰከንድ ብቻ መሆኑን ልብ በሉልኝ፤ ይህን ያህል ዘግይቶ ብር የሚሸለም ከሆነ እድራችን ስለ 50 ብሩ እንደገና ማሰብ ነበረበት። በ1997 ዓ.ም ሄልሲንኪ ላይ በ10,000 ሜትር ጥሩነሽ አንደኛ፣ እኅቷ እጅጋየሁ ሦስተኛ ሲወጡ፣ የውጭው ተንታኝ «ዲባባ እየመራች ነው፣ ዲባባ እየተከተለች ነው» እያለ ራሱን ያዞር ነበር። እዚህ አገር ቢሆን ያ ዓረፍተ ነገር አንድ ሽማግሌ ራሱን ሲያሳድድ ነው የሚያሳየን።

ከጥሩነሽ ጋር በተያያዘ ግን የእኛ ክፍለ ከተማ ዓለምን የሚያስከነዳ ሥራ ሠርቷል። ጥሩነሽ ነሐሴ 2000 ቤጂንግ ላይ በ5,000ና በ10,000 ሜትር ወርቅ ካገኘች በኋላ ቻይና አቃቂ ቃሊቲ ውስጥ ሆስፒታል ሠራችልን፤ ስሙም ጥሩነሽ ቤጂንግ ተባለ። ጥሩ ስም ነው፤ ክብሩም ይገባታል። ግን በእኛ ደንብ ሁለተኛው ስም የአባት ነው። ስለዚህ ሰፈራችን በየቀኑ «ጥሩነሽ ቤጂንግ ተኝታለች»፣ «ጥሩነሽ ቤጂንግ ወለደች»፣ «ጥሩነሽ ቤጂንግ ሪፈር ጻፉላት» እያለ ያወራል። ከገጠር የመጣ ዘመድ ሁለት ቀን ዝም ብሎ ሰምቶ፣ «ይቺ ሴትዮ እንዲህ ስትሰቃይ አባቷ አቶ ቤጂንግ የሉም እንዴ?» ብሎ የጠየቀው እኛ ሳሎን ውስጥ ነው። ክፍለ ከተማው ራሱም ቢሆን ከነአባቱ ነው የሚጠራው፤ አቃቂ ቃሊቲ። ከከተማ ስትመጡ ቃሊቲ ይቀድማል፣ አቃቂ ይከተላል፤ አባት ከልጁ በፊት መገኘቱ ሥርዓት ነው።

አሁን አሁን ደግሞ ስልካችን ሕጉ ያቃተውን ሠርቶታል። የቤተሰብ ስም ከፈለጋችሁ የሰው ስልክ ማውጫ ክፈቱ። ሙሉ እንጀራ፣ ታደሰ ቧንቧ፣ አስቴር ኮንዶሚኒየም፣ ከበደ ጣሪያ፣ አበበ ቃሊቲ ጉምሩክ። ሁላችንም በሥራችንና በሰፈራችን እንደገና ተጠምቀናል። የአባት ስም ስልክ ውስጥ የሚገባው ሁለት ታደሰ ቧንቧ ሲኖር ብቻ ነው፤ ያኔም አንደኛው «ታደሰ ቧንቧ ሌባው» ይባልና አባትየው ነፃ ይወጣል። እኔ በብዙ ሰው ስልክ ውስጥ ያለሁት ከነአባቴ ነው። ምክንያቱን ጠይቄ ነበር፤ ስደውል ስክሪኑ ላይ «ዘገየ» ሲል ቀጠሮ ማለፉን ያስታውሳቸዋል አሉ።

በእኛ ሥርዓት ስም ዕድሜው አጭር ነው። አባት ይሆናል፣ አያት ይሆናል፣ ሦስተኛው ትውልድ ላይ ከቅጹ ይወድቃል። ይታገሱ ከልጄ መታወቂያ ላይ የለም፤ ትዕግሥት ከቤታችን የወጣው በዚያ በር ነው። ዘገየ ግን የአያት ስም ሆኖ አንድ ዙር ቀረው። ፓስፖርት ላይ ደግሞ በቤተሰብ ስም ቦታ የሚገባው የአያት ስም ነውና ልጄ ለትምህርት ስትሄድ በውጭ አገር ሁሉ «ሚስ ዘገየ» ልትባል ነው። ቦሌ ላይ ተሳፋሪ ሲጠራ የሚሆነውን አስቤ፣ ስሙን እናሳጥረው ይሆን ብዬ አማከርኳት። አልፈለገችም። ፈረንጅ ትርጉሙን አያውቅም፤ እኔ ደግሞ ሰዓቴን አከብራለሁ አለች። ጥርት ያለ የአባቴ መልስ ነው፤ እሱም ስሙን ያሸነፈው በሩ ላይ ቀድሞ በመቆም ነበር።

ስለዚህ ዘገየን እዚያው ትተነው፣ ገና ልጅ ለምትሰይሙ ያለኝን ምክር ልስጥ። ክርስትናም ይሁን አቂቃ፣ ከመደገሳችሁ በፊት የመረጣችሁትን ስም ከነአባቱ ከነአያቱ አንድ ላይ በቃላችሁ ያዙት። ከዚያ ቃሊቲ መናኸሪያ ውረዱና ሰው በሚበዛበት ሰዓት በሙሉ ድምፃችሁ ጥሩት። አንድ ሰው ብቻ ዞር ካለ ስሙ ጥሩ ነው፤ አውጡለት። ሰልፉ በሙሉ ዞር ብሎ «መቼ? የት? ለምን?» ካላችሁ ግን ስሙን ተዉት፤ እሱ ስም አይደለም፣ ዜና ነው።